የ1969 ቦነቪል ፍሪሲዮን፦ ያንሸራትታል፣ አይለቅምም

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት ቆሞ የነበረ የ1969 ትራያምፍ ቦነቪል ሞተር ብስክሌት ገዝቻለሁ። ሞተሩ ደህና ይነሳል። ችግሬ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ነው። ጠዋት አንደኛ ማርሽ ሳስገባ ወደፊት ይዘልና ይጠፋል። ከሞቀ በኋላ ደግሞ መብራት ላይ ቆሜ ዜሮ ማርሽ አላገኝም። ዳገት ላይ በአራተኛ ጋዝ ስሰጠው ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። አንድ ጋራዥ አዲስ ሸራ (ዲስኮቹ ላይ የሚለጠፈውን የሚይዝ ልባስ) አስገቡልኝ፣ ሞላዎቹንም አጠበቁ። አሁን መሪው ላይ ያለው የፍሪሲዮን ማንሻ እጅ ይሰብራል፤ ችግሩ ግን እንዳለ ነው። ሙሉ ፍሪሲዮን ልግዛ ወይስ ጠንካራ ሞላ ይሻላል? እንዴትስ ነው የሚስተካከለው?

መልስ

ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትግዛ። ሙሉ ፍሪሲዮንም፣ ጠንካራ ሞላም።

የጻፍከው ምልክት ራሱ ብዙ ይናገራል። ፍሪሲዮን ሲያንሸራትት አብዛኛው ሰው "ሞላው ደክሟል" ይላል። አልለቅ ሲል ደግሞ "ሞላው በዝቶበታል" ይላል። ያንተ ግን ሁለቱንም ያደርጋል። ሦስት ሞላዎች በአንድ ጊዜ ደካማም ብርቱም ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ ጥፋቱን ሌላ ቦታ እንፈልገው። እኔ የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው። ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀው መግፊያ ዘንግ ያለ ክፍተት ተጠብቋል። ዲስኮቹን የሚያጣብቀው መጫኛ ሰሃን ደግሞ ተንጋዶ ነው የሚነሳው።

የሆነውን ልገምት። መጀመሪያ ፍሪሲዮኑ አልለቅ አለ። ሞተሩ ስለቆመ ዲስኮቹ ተጣብቀዋል፣ ዘይቱም አርጅቷል። አንድ ሰው "ካቦው ላልቷል" ብሎ ካቦውን አጠበቀ። ካቦው ሲጠብቅ ዘንጉ እረፍት አጣ። ማንሻውን ሳትነካው እንኳ ሰሃኑን ትንሽ ገፍቶ ይይዘዋል። ያኔ ማንሸራተት ጀመረ። ማንሸራተቱ ሲመጣ ደግሞ የሞላዎቹ ዳዶዎች ተጠበቁ። ሦስቱ እኩል ስላልተጠበቁ ሰሃኑ ተንጋደደ፣ ማንሻው ከበደ፣ አለመልቀቁም ባሰበት። አንዱ ጥገና ሌላውን በሽታ እየወለደ እዚህ ደረሰ። እንዲህ ሆነው እጄ የገቡ ቦነቪሎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹን የፈወሳቸው ሥራውን በቅደም ተከተሉ መሥራት ነው።

አሠራሩን ካወቅከው ማስተካከሉ አይከብድህም። ከ1963 ጀምሮ የትራያምፍ 650 ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) በአንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ፍሪሲዮኑ በግራ በኩል ነው። ጉልበቱን ከሞተሩ የሚያመጣለት ድርብ ካቴና ነው። ካቴናው የሚያዞረው ቅርጫት የሚባል ክብ ቤት አለ፤ እሱ ውስጥ 6 ባለሸራ ዲስክና 6 ባዶ ብረት ዲስክ እየተፈራረቁ ተደርድረዋል። ባለሸራዎቹ በጆሯቸው ቅርጫቱን ስለሚይዙ ከሞተሩ ጋር ይዞራሉ። ባዶዎቹ በውስጥ ጥርሳቸው መሃል ያለውን ሃብ ስለሚይዙ ከካምቢዮው ጋር ይዞራሉ። ከላያቸው መጫኛው ሰሃን አለ። እሱን 3 ሞላዎች ይጫኑታል።

ማንሻውን ስትስብ ካቦው ወደ ቀኝ በኩል፣ ወደ ካምቢዮው ሽፋን ይሄዳል። እዚያ ውስጥ 3 ኳሶች በተዳፋት ጉድጓዶች ላይ ተቀምጠዋል። ካቦው ሲስብ ኳሶቹ ተዳፋቱን ይወጣሉ። ሲወጡ ረጅሙን ዘንግ ይገፋሉ። ዘንጉ በካምቢዮው ዋና ሻፍት ሆድ ውስጥ አልፎ በግራ በኩል ይወጣና የሰሃኑን መሃል ይገፋል።

አስተውል። ዘንጉ የሚገፋው መሃሉን ብቻ ነው። ሞላዎቹ ግን ዙሪያውን በሦስት ቦታ ይጫናሉ። አንዱ ከሌሎቹ ከጠነከረ ሰሃኑ በዚያ በኩል ይቀራል፣ በሌላው በኩል ይነሳል። በቀረበት በኩል ዲስኮቹ እንደተያያዙ ናቸው። ሰሃኑ በጠቅላላው የሚነሳው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ያቺ ጥቂት ደግሞ ለ12 ዲስክ ትከፋፈላለች። ትንሽ መንጋደድ ካለ ምንም አይተርፍም።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መጀመሪያ መሪው ላይ ያለውን የካቦ ማስተካከያ እስከ መጨረሻው አላላው። ካቦው ልፍስፍስ ይበል። ከዚያ በግራ በኩል፣ የካቴናው ሽፋን ላይ ያለውን ስንጥቅ ያለው ትልቅ ክዳን ፍታ። በቀዳዳው ስታይ መሃል ላይ አንድ ብሎንና መቆለፊያ ዳዶ አለ። ዳዶውን አላላ። ብሎኑን በካቻቢቴ ቀስ እያልክ ወደ ውስጥ አዙር። ዘንጉን ሲነካ እጅህ ላይ ይታወቅሃል። እዚያ አቁም። አሁን አንድ ሙሉ ዙር ወደ ኋላ መልሰው። ብሎኑን በካቻቢቴው እንደያዝክ ዳዶውን ቆልፍ። ካልያዝከው አብሮ ይዞርና ልኩ ይጠፋል። ከዚህ በኋላ ነው ወደ መሪው የምትመለሰው። ማንሻው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነፃ እንቅስቃሴ እስኪቀር ድረስ ካቦውን አጥብቅ።

ዘንጉ መጀመሪያ፣ ካቦው ቀጥሎ። ይህን የሚገለብጥ ሰው ነው ፍሪሲዮን የሚያበላሸው። ካቦው ቀድሞ ከተጠበቀ ኳሶቹ ተዳፋቱን ግማሽ ወጥተው ነው ሥራ የሚጀምሩት። የሚቀራቸው ጉዞ አጭር ነው። ሰሃኑም የዚያኑ ያህል ሳይነሳ ይቀራል። ሌላም ነገር አለ። ሸራው እየተበላ ሲሄድ ሰሃኑ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የዘንጉም ክፍተት እየጠበበ ይመጣል። ስለዚህ አዲስ ሸራ ከገባ በኋላ ጥቂት ከነዳህ ይህን ልክ እንደገና ማየት ግዴታ ነው። ጋራዡ ይህን ሳያደርግ ሰጥቶህ ይሆናል።

ይህን ብቻ አድርገህ ንዳው። ማንሸራተቱ ከቀነሰ ግማሹን መንገድ ሄደናል። አለመልቀቁ ግን በዚህ ብቻ የሚጠፋ አይመስለኝም። ሞላዎቹ ተነካክተዋልና ሽፋኑ መነሳት አለበት።

ሽፋኑን ለማንሳት ዘይቱን አፍስስ። የግራውን የእግር ማሳረፊያና የኋላ ፍሬን ፔዳሉን አውጣ፤ የጭስ ማውጫው ቱቦም ማላላት ሊያስፈልገው ይችላል። ቁልፍ ስትመርጥ ተጠንቀቅ። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሞተር ዳዶ በሚሊ ሜትር ቁልፍ አይፈታም። በ1969 ደግሞ ትራያምፍ ከድሮው ጥርስ ወደ አዲሱ እየተሸጋገረ ስለነበር የተቀላቀለ ነገር ታገኛለህ። "ይቀርባል" በሚል ቁልፍ አትሞክር። የዳዶው ጠርዝ ከተላጠ ሥራው በእጥፍ ይጨምራል።

አሁን ሦስቱን የሞላ ዳዶዎች ታያለህ። እያንዳንዱ ከሥሩ ትንሽ እብጠት አለችው። ዳዶው በራሱ እንዳይፈታ ከሞላው ጫፍ ጋር የምትቆላለፈው እሷ ናት። ስለዚህ ስትፈታ ቀጭን ስለት አስገብተህ የሞላውን ጫፍ ገለል አድርገው። ለዳዶው መሣሪያ ከፈለግህ ሰፊ ካቻቢቴ መሃሉን በሞረድ ብትቆርጥለት ይበቃል። ከዚያ ሦስቱንም ወደ መነሻቸው መልስ። መነሻቸው ዳዶው የሚታሰርበት የችንካሩ ጫፍ ከዳዶው ስንጥቅ ወለል ጋር እኩል የሚሆንበት ቦታ ነው። ጋራዡ ከዚህ አሳልፎ አጥብቆት ከሆነ ማንሻው የከበደበት ምክንያት ይኸው ነው።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። የማስነሻ ቁልፉን ዘግተህ ማንሻውን ወደ መሪው ጎትተህ በገመድ እሰረው። የማስነሻውን ፔዳል በእጅህ ቀስ ብለህ ተጫን። ፍሪሲዮኑ ስለተለቀቀ ሃቡና ሰሃኑ ብቻቸውን ይዞራሉ። አንድ እርሳስ ሽፋኑ የነበረበት ጠርዝ ላይ አስደግፍና ጫፉን ሰሃኑ ሊነካው ሲል አቁመው። በጎን በኩል መብራት አብራ። ሰሃኑ ሲዞር በእርሳሱ ጫፍና በሰሃኑ መካከል ያለችው የብርሃን መስመር አንዴ ትሰፋለች፣ አንዴ ትጠፋለች። የምትጠፋበት ቦታ ሰሃኑ አለቅጥ ወደ ውጭ የወጣበት ነው። እዚያ ያለው ሞላ ከሌሎቹ ይደክማል። ለዚያ ቦታ የሚቀርበውን ዳዶ ግማሽ ዙር አጥብቅ። እንደገና አዙርና እይ። ክፍተቷ ዙሪያውን አንድ ዓይነት እስክትሆን ድረስ እየደጋገምክ ሥራው። ዲያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት የሚያሳይ ባለሰዓት መለኪያ) ካለህ እሰየው፤ ከሌለህ ዓይንህ ይበቃል። አትቸኩል። ቡናህን ይዘህ ቁጭ ብለህ የምትሠራው ሥራ ነው።

የቱንም ዳዶ ብትነካ እኩል አልሆን ካለ ሰሃኑ ራሱ ጠማማ ነው። የፋብሪካው ሰሃን ተጠፍጥፎ የተሠራ ቆርቆሮ ስለሆነ በዕድሜ ይጣመማል። እዚህ ላይ ገንዘብ ብታወጣ አልቃወምህም። በቶርኖ የተሠራ የአልሙኒየም ሰሃን ይሸጣል። ለጥ ያለ ስለሆነ ማስተካከሉን በጣም ያቀልልሃል። ጠንካራ ሞላ ከመግዛት መቶ እጥፍ ይሻላል። የጠንካራ ሞላ ሥራ ጥፋቱን መሸፈን ነው፤ ኳሶቹንም፣ ካቦውንም፣ የእጅህንም አንጓ ያደክማል። ደህና የሆነ የቦነቪል ፍሪሲዮን በሁለት ጣት የሚሳብ መሆን አለበት።

ሞላዎቹ ከወጡ አይቀር ለካቸው። ሦስቱን ጎን ለጎን ከአዲስ ሞላ ጋር አቁማቸው። ከአዲሱ ከ2.5 ሚሊ ሜትር በላይ ያጠረ ካለ ሦስቱንም ቀይር። አንዱን ብቻ መቀየር ዛሬ የምንዋጋውን መንጋደድ መልሶ ማምጣት ነው።

ዲስኮቹንም አውጣና እያቸው። ከማውጣትህ በፊት ፎቶ አንሳ። መጀመሪያ የሚገባው ባለሸራ ነው፣ መጨረሻ ላይ ከመጫኛው ሰሃን ሥር የሚቀመጠው ባዶ ብረት ነው። ቆጠራው 6 በ6 ካልሆነ ወይም ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጥፋቱን አገኘኸው ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ የቆመ ሞተር ዲስኮች ሳይበርድ እንደተነባበረ እንጀራ ይጣበቃሉ። ሲላቀቁ የሸራው ፍርፋሪ ብረቱ ላይ ይቀራል፣ ብረቱም ዝገት ያወጣል። ባዶዎቹን ዲስኮች አንድ በአንድ ወፍራም መስታወት ላይ አስተኛቸው። ጠርዛቸውን በጣትህ ስትነካ የሚንገጫገጭ ካለ ተጣሟል፤ ይጣል። በሙቀት ሰማያዊ የሆነም እንዲሁ። የቀሩትን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በእርጥቡ አሻሽተህ አጽዳቸው። ባለሸራው ዲስክ ከአዲሱ ውፍረቱ 0.75 ሚሊ ሜትር ከቀነሰ ጊዜው አልፏል። ያንተ አዲስ ስለሆነ የምትፈልገው ይህን ሳይሆን ፊቱ እንደ መስታወት ማብረቅረቁን ነው። እየተንሸራተተ ብዙ ከተነዳ ይጋገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ከጋራዡ በፊት የነበሩትን አሮጌ ሸራዎች መልሰው ሰጥተውህ ከሆነ በኮምፕሬሰር አትንፋቸው፣ በደረቁም አትፈግፍጋቸው። የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነገር ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ በላስቲክ ቋጥረህ አስወግድ።

ባዶ የሆነውን ቅርጫት ደግሞ በባትሪ እያበራህ መርምር። የባለሸራዎቹ ጆሮ የሚገባባቸው ክፍተቶች ግድግዳቸው ለስላሳ መሆን አለበት። ጣትህን ከላይ ወደ ታች ስታንሸራትት ደረጃ ደረጃ ከተሰማህ ጆሮዎቹ ቦርቡረውታል። ያኔ ዲስኩ ወደ ውጭ ሊንሸራተት ሲል ጉድጓዱ ውስጥ ይሰነቀራል። ሰሃኑ ቢነሳ እንኳ ዲስኮቹ አይላቀቁም። ጠዋት የሚያዘልልህ ይህም ሊሆን ይችላል። ቀላል ቡርቦራ በሞረድ ይስተካከላል። ግድግዳውን ቀጥ አድርገህ ትንሽ ትንሽ ብቻ ውሰድ።

ቅርጫቱን በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አወዛውዘው። ጥቂት መነቃነቅ ያለ ነው። እንደ ልቡ ከዋለለ ግን ሃቡ መውጣት አለበት። ይህ ከባድ ሥራ ነው። ሃቡ በሻፍቱ ላይ ሾጠጥ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ የራሱ ፑለር (ስቦ የሚነቅል መሣሪያ) ያስፈልገዋል። በመዶሻ መምታት፣ ከኋላ በብረት መፈንቀል ፈጽሞ አይሆንም። ፑለሩን ከማሰርህ በፊት መግፊያውን ዘንግ ስበህ አውጣ። ካቴናው መገጣጠሚያ ስለሌለው የሞተሩ ጥርስና ቅርጫቱ አብረው ነው የሚወጡት፤ ከዚያ በፊት የጄኔሬተሩ ክፍሎች ይነሳሉ። ከሥሩ ሰፋ ያለ ትሪ አስቀምጥ። ቅርጫቱ ሲላቀቅ ሮለሮቹ እንደ ዶቃ ይበተናሉ። 20 መሆን አለባቸው። ቁጠራቸው። ስትመልስ በግሪስ አጣብቃቸው።

ሃቡ ከወጣ ውስጡ ያሉትን ጎማዎች ሳታይ አትመልሰው። የካቴናውን ምት የሚያበርዱት እነሱ ናቸው። ሦስቱ ትልልቆች፣ ሦስቱ ትንንሾች ናቸው። ትልልቆቹ ሞተሩ ሲጎትት የሚጫኑት ናቸው። ዘይት በልቷቸው ከላሉ ወይም ከተሰነጠቁ ቀይራቸው። ስትገጥም የሃቡን መሃል ዳዶ በቶርክ ሬንች 68 ኒውተን ሜትር አጥብቅ፣ መቆለፊያ ሮንዴላውንም አትርሳ።

ያወጣኸውን ዘንግ መስታወት ላይ አንከባለው። ቀጥ ያለ ካልሆነ ወይም ጫፉ ከተጠፈጠፈና ሰማያዊ ከሆነ ቀይረው። ሰማያዊ የሚሆነው ያለ ክፍተት ሲዞር ውሎ ነው። እንዲህ ካገኘኸው የጠረጠርኩት ልክ ነበር ማለት ነው።

ካቦው ላይ ብዙ አልቆይም። ያለ ሹል መታጠፊያ እንዲሄድ አድርገው፣ ዘይት አጠጣው፤ ከተላጠ ቀይረው። የማንሻው ነገር ግን ቦታ ይገባዋል። ቆይቶ የተቀየረ ማንሻ ከሆነ ከመዞሪያው እስከ ካቦው ራስ ያለው ርቀት ከመጀመሪያው ሊለይ ይችላል። ርቀቱ ሲረዝም ካቦው ብዙ ይሳባል፣ ግን ይከብዳል። ሲያጥር ይቀላል፣ ግን ሰሃኑ በቂ አይነሳም። ሁሉንም አስተካክለህ አሁንም ዜሮ እምቢ ካለህ ይህን ለካ።

ዘይቱ። ከ1970 ሞዴል ጀምሮ የካቴናው ቤት ዘይት ከሞተሩ ዘይት ጋር ይገናኛል። ያንተ 1969 ስለሆነ የራሱ የተለየ ዘይት አለው፤ የሚወስደው 350 ሲሲ ነው። ወፍራም ዘይት ወይም ከልክ ያለፈ ዘይት በብርድ ጠዋት ዲስኮቹን አያይዞ ይይዛል። የፋብሪካው መመሪያ ኤስ.ኤ.ኢ 20 (የዘይት ውፍረት መለያ) ነው። የመኪና "ነዳጅ ቆጣቢ" ዘይት አታስገባ፤ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል። ዕቃው ላይ ጃሶ ኤም.ኤ (ለሞተር ብስክሌት እርጥብ ፍሪሲዮን የሚሆን ዘይት ምልክት) የሚል ይኑርበት። ከጊዜ በኋላ የዘይቱ መጠን ከፍ ካለ ወይም ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ በሞተሩና በካቴናው ቤት መካከል ያለው የዘይት ማኅተም አልቋል። ሽፋኑ ክፍት እያለ የካቴናውንም ውጥረት እይ። ከላይ መሃሉ ላይ ስትነካው አንድ ሳንቲ ሜትር የማትሞላ መላወስ ይኑረው።

ሁሉም ተስተካክሎም ቢሆን ጠዋት ከመነሳትህ በፊት አንድ ልማድ ያዝ። የማስነሻ ቁልፉን ሳትከፍት ማንሻውን ስበህ የማስነሻውን ፔዳል ሁለት ሦስት ጊዜ ርገጥ። መጀመሪያ ይከብድሃል፣ ከዚያ ድንገት ይቀልላል። ያኔ ዲስኮቹ ተላቅቀዋል። ማንሻውን ልቀቅና አስነሳው። ይህ የጥገና ጉድለት አይደለም። የእርጥብ ፍሪሲዮን፣ ማለትም ዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን ጠባይ ነው፤ ሞተሩ አዲስ በነበረበት ዘመንም እንዲሁ ይደረግ ነበር።

ቅርጫቱን ስትከፍት ክፍተቶቹ ከጠበቅነው በላይ ተቦርቡረው ካገኘሃቸው ሞረድ ሳታነሳ ፎቶ ላክልኝ። ብዙ ከተሞረደ ጆሮዎቹ ክፍተቱ ውስጥ ይላወሳሉ፣ በየማርሹም ያንኳኳሉ። አዲስ ቅርጫት ይገዛ አይገዛ ያኔ አይተን እንወስናለን።